በደቻቱ ዳር ቆዳ እንዴት ይሠራል?

ግንቦት ላይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በባዶ እግር አይረገጥም። በዚያው ሰዓት ከከዚራ ወደ መጋላ ድልድዩን የሚሻገረው ባጃጅ ነጂ ፊቱ ደረቅ ነው። አላላበውም ማለት ግን አይደለም። ሸሚዙን ከጀርባው ብታዩት ነጭ የጨው መስመር ተሰምሮበታል። ላቡ ወጥቷል፤ ገና ሳይንጠባጠብ ደረቁ አየር ወሰደው እንጂ። ድሬዳዋ ውስጥ የቆዳ ትልቁ ሥራ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

የቆዳችን ሙቀት 33 ወይም 34 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ ከዚያ ሲቀዘቅዝ ሰውነት ትርፍ ሙቀቱን ለአየሩ ያስረክባል። አየሩ 36 እና 37 ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል፤ አየሩ ራሱ እኛን ያሞቀናል። ያን ጊዜ የሚቀረው መውጫ ላብ ብቻ ነው። አንድ ሰው ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ የላብ ዕጢዎች አሉት፤ ከቆዳው ላይ የሚተን አንድ ሊትር ላብ ደግሞ 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የሚያቀዘቅዘው መትነኑ ነው፤ መሬት ላይ የተንጠባጠበ ወይም በመሐረብ የተጠረገ ላብ ምንም አልሠራም። ጅቡቲ ደርሶ የመጣ የድሬ ልጅ «አቦ፣ የእነሱስ ሙቀት ሌላ ነው» የሚለው ለዚህ ነው። እዚያ የባሕሩ እርጥበት አየሩን ስለሞላው ላቡ አይተንም፤ ገላ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ሽርጥና ድሪያም ከጂንስ የሚሻሉት አየር በጨርቁና በገላው መካከል እንዲያልፍ ስለሚፈቅዱ ነው። መጋላ ውስጥ ሽርጥ አሸርጠው በረንዳ ላይ የሚቀመጡ አባት ይህን ከማንም ሳይማሩ ያውቁታል።

ላቡ የሚወጣባት ቀዳዳ ስትዘጋ የሙቀት ሽፍታ ይመጣል። አንገት ሥር፣ ብብት ውስጥና ጀርባ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ነጥቦች ይወጣሉ፤ ይዋጋል፣ ያሳክካል። ሕፃናት ላይ ይበዛል፤ የላብ መውጫቸው ገና ስላልጠነከረ በቀላሉ ይደፈናል። እኛ ደግሞ «ብርድ እንዳይመታው» እያልን በ35 ዲግሪ እንጠቀልላቸዋለን። ልጇን ለማረስ ከደጋ የወረደች አያት ሽፍታውን ስታይ መጀመሪያ የምታነሳው ቫዝሊን ነው። ለጥቅምት ውርጭ መልካም ነበር፤ ለድሬ ቀትር ግን ክዳን ላይ ክዳን መጨመር ነው። ልብሱን ማቅለል፣ በለብታ ውሃ ማጠብና ነፋሻ ጥላ ውስጥ ማስተኛት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ በጥቂት ቀን ይጠፋል። መግል ከቋጠረ ወይም ልጁ ካተኮሰው ግን ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሥራ እንሂድ፤ ውሃን በውስጥ መያዝ። የቆዳ የላይኛው ሽፋን በአብዛኛው ገላችን ላይ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ከሥሩ አዳዲስ ሕዋሳት ይወለዳሉ፣ ወደ ላይ ይገፋሉ፣ እየሞቱ ይጠፈጠፋሉ፤ በአራት ሳምንት ገደማ ውስጥ ተራቸው ደርሶ ይረግፋሉ። እጃችንን ስንዳስስ የምንነካው የሞቱትን ነው። ጠዋት ፈጢራ ሲዘረጋ ያየ ሰው አሠራሩ ይገባዋል፦ ስስ ሊጥ፣ ቅባት፣ ደግሞ ስስ ሊጥ። በሞቱት ሕዋሳት መካከል ያለው ያ ቅባት ነው ውሃችንን አየሩ እንዳይመጠው የሚከላከለው። ሳሙና ግን የምግብ ቅባትንና የቆዳን ቅባት ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም ይዞ ይወርዳል።

እዚህ ላይ የድሬ ውሃ ይገባበታል። የከተማዋ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣና ካልሲየም የበዛበት ነው። ማስረጃ የሚፈልግ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ክዳን ይክፈት፤ ነጭ ቅርፊት ያገኛል። ሳሙና ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ አረፋ መሆኑ ይቀርና ሳፋው ጠርዝ ላይ የሚጋገረውን ግራጫ እድፍ ይሠራል። ያው እድፍ ገላ ላይም ይቀራል። አረፋ እንቢ ሲል ሳሙና እንጨምራለን፤ በጨመርን ቁጥር የሚቀረው ይበዛል። ከታጠብን በኋላ ቅልጥማችን የሚነጣውና ፊታችን የሚጨመደደው ግማሹ ከዚህ ነው። ቆዳ በተፈጥሮው ትንሽ ኮምጣጣ ነው፣ ፒኤቹ 5 ገደማ፤ የተራ ሳሙና 9 እና 10 ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በውሃው ላይ መጫን ግን አይገባም። እንግሊዝ አገር ችፌ ባለባቸው ልጆች ቤት የውሃውን ካልሲየም የሚያስቀር መሣሪያ ተገጥሞ ተሞክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ውጤት መሣሪያው ከተለመደው ሕክምና በላይ ለችፌያቸው የጨመረው ጥቅም እንደሌለ አሳየ። ስለዚህ ርካሹን መንገድ እመርጣለሁ። ሳሙናውን ለብብት፣ ለብሽሽትና ለእግር መተው፤ ክንድና ቅልጥም ውሃ ይበቃቸዋል። ደኅና አድርጎ መለቅለቅ። ማታ፣ አየሩ በረድ ሲል፣ ገላው ገና እርጥብ እያለ ስስ አድርጎ መቀባት። የልብስ ኦሞ ግን ገላ ላይ ምንም ሥራ የለውም።

የሶማሌ እናቶች ለፊታቸው የሚበጠብጡት ቃሲልም እዚህ ላይ ይነሳል። ቃሲል የቁርቁራ ዘመድ የሆነ ዛፍ ቅጠል ደርቆ ሲፈጭ ነው። ቅጠሉ ሳፖኒን የሚባል አረፋ ሰጪ ነገር አለው፤ እንደ ሳሙና ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ እድፍ አይሠራም። አያቶች ያለ ላቦራቶሪ ጥሩ መርጠዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዱቄቱ ሸካራ ከሆነ ግን መፈተግ የለበትም።

ፀሐይዋ በድሬ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማለቂያ ገደማ፣ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። ጠቆር ያለ ቆዳ ከነጣ ቆዳ የሚለየው ቀለም ሠሪ ሕዋሳቱ በዝተው አይደለም፤ ቁጥራቸው ተቀራራቢ ነው። የሚለያየው የሚሠሩት የሜላኒን መጠንና ዓይነት ነው። ሜላኒኑ በየሕዋሱ አስኳል ላይ ጥላ ሆኖ ይቀመጣል። አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ይህ ጥላ የለውም፤ ለእሱ ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና የፀሐይ መከላከያ ክሬም የግድ ናቸው።

እንግዲህ ይህን ጥላ በገንዘባችን ገዝተን የምናፈርስ መኖራችን ይገርመኛል። ከየአቅጣጫው ተጭነው ወደ ገበያ ከሚገቡት የማቅያ ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አላቸው፤ ሜርኩሪ ሜላኒን እንዳይሠራ ያግዳል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። አንድ ምልክት አለው፦ ማሸጊያው ላይ «ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ፣ ሜርኩሪ ወርቅና ብርን ስለሚያበላሽ ነውና ይመለስ። ሌሎቹ ክሎቤታዞል ወይም ቤታሜታዞን የተባሉ ስቴሮይዶች ናቸው። በሐኪም እጅ ትልቅ መድኃኒት ናቸው፤ በራስ ፈቃድ ለወራት ፊት ላይ ሲቀቡ ቆዳውን ያሳሱታል፣ ደም ሥሩ በላዩ ይታያል፣ ብጉር ይፈላል። ጭርት ላይ ከተቀቡ ደግሞ ማሳከኩን አብርደው ፈንገሱን ያስፋፉታል፤ መልኩ ስለሚቀየር ሐኪሙም ይቸገራል።

ሙቀትና ላብ ባለበት ቋቁቻ አይጠፋም። አምጪው ሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር፣ ቅባት የሚበላ እርሾ ነው፤ ሲበዛ ቀለም ሠሪዎቹን የሚያደክም አሲድ ያወጣል፣ ቆዳውም በነጠብጣብ ይነጣል። በኬቶኮናዞል ሻምፑ እርሾው በቶሎ ይሞታል፤ ቀለሙ የሚመለሰው ግን ከወራት በኋላ ነው። ብዙ ሰው «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ሌላ የሚገዛው በዚህ መሃል ነው። ለምጽ ሌላ ነው፤ ነጩ እንደ ወተት ይነጣል፣ ቅርፊት የለውም፣ አይተላለፍም።

ሦስተኛውን መለየት ግን ግዴታ ነው። የነጣ ወይም የቀላ ቦታ ሆኖ የማያሳክክ፣ ሲነካ የማይሰማ ከሆነ የሥጋ ደዌ ምርመራ ያስፈልገዋል። ለምሥራቁ ሰው ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ከሐረር በስተምሥራቅ ያለው የቢሲዲሞ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመኖች እርዳታ የተቋቋመው ለዚሁ በሽታ ነበር። ምርመራው በጥጥ ቁራጭ ይጀመራል፤ ታማሚው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጥጡ የነካውን ቦታ በጣቱ ያሳያል። መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ እንደ ዓይነቱ ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ይወሰዳል። ነርቭ ሳይጎዳ በጊዜ ከተጀመረ ጣትም ዓይንም ይተርፋል።