ወደ ውኃ ጉድጓድ፣ ወደ ፍሳሽ ማጠራቀሚያና ወደ ሌላም ዝግ ስፍራ ስለሚገቡ ሠራተኞች ደኅንነት የተሰጠ ማብራሪያ

በየከተማው የውኃ ጉድጓድ የሚጠርጉ፣ የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ የሚያወጡ፣ የነዳጅ በርሜልና የእህል ማከማቻ የሚያጸዱ ሠራተኞች እንዳሉ የታወቀ ነው። ሥራው ብዙውን ጊዜ በቀን ሠራተኛ የሚፈጸምና ዋጋውም ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ሕዝቡ እንደ ተራ የጉልበት ሥራ ይቆጥረዋል። ይሁን እንጂ በአንዲት ሰዓት ውስጥ ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሬሳ ሊያስወጣ የሚችል ሥራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሞቱ በምን መንገድ እንደሚመጣና እንዴት እንደሚከለከል ለማስረዳት ሲሆን፣ የሚመለከተውም ጉድጓድ ያለውን የቤት ባለቤት ሁሉ፣ ሥራ ተቋራጮችን፣ ይልቁንም ሥራውን የሚፈቅዱትን የማዘጋጃ ቤት ሹማምንት ነው።

ዝግ ስፍራ ሲባል፣ ሰው ሊገባበት የሚችል ሆኖ መግቢያና መውጫው የጠበበ፣ በውስጡ ያለውም አየር በራሱ ጊዜ የማይለወጥ ማናቸውም ስፍራ ነው። የውኃ ጉድጓድ፣ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ፣ የፍሳሽ ቦይ፣ የእህል ጉድጓድ፣ የቢራ መጥመቂያ ጋን፣ የነዳጅ ቦቴ፣ በወደብም የመርከብ ሆድ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራሉ። ከላይ ክፍት ሆኖ ሰማይ ስለሚታይ ብቻ አንድ ጉድጓድ ዝግ አይደለም ማለት አይቻልም። ከታች ያለው ከባድ አየር ከላይ ካለው ንጹሕ አየር ጋር ሳይደባለቅ ለብዙ ቀን ሊቀመጥ ይችላልና።

የምንተነፍሰው አየር ከመቶው እጅ 21 ያህሉ ኦክሲጅን ነው። ይህ መጠን ከ19.5 በመቶ በታች ሲወርድ ስፍራው ለሥራ የማይበቃ ተብሎ ይቆጠራል። ወደ 16 በመቶ ሲደርስ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የማሰብ ኃይልም ይደክማል፤ ከ10 በመቶ በታች ሰው ራሱን ይስታል፤ 6 በመቶ ሲሆን በጥቂት ደቂቃ ይሞታል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ማስጠንቀቂያ አለመኖሩ ነው። ሰውነታችን «ታፈንኩ» ብሎ የሚጮኸው በአብዛኛው በደም ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ክምችት ሲበዛ እንጂ ኦክሲጅን በማነሱ አይደለም። ስለዚህ ኦክሲጅን ወደሌለበት ስፍራ የወረደ ሰው ሳያስለው፣ ሳይታፈን፣ «አውጡኝ» ለማለት እንኳ ጊዜ ሳያገኝ አንድ ሁለት ጊዜ ተንፍሶ ይወድቃል። በቀድሞ ዘመን ሰዎች በጉድጓድ ውስጥ የሚሆነውን እንዲህ ያለ ድንገተኛ ሞት የጋኔን ሥራ ነው ማለታቸው አያስገርምም፤ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው የገደለው ነገር አይታይምና።

ኦክሲጅኑ ወዴት ይሄዳል? በውኃ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ቅጠል፣ ሣርና የሞተ እንስሳ ሲበሰብስ ኦክሲጅኑን ይበላዋል፣ በምትኩም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ብረትም ሲዝግ ኦክሲጅን ይወስዳል፤ ለብዙ ጊዜ ተከድኖ የኖረ ባዶ የብረት ታንከር ምንም ነገር ሳይኖርበት ሰው የሚገድለው ስለዚህ ነው። በሐረርጌ ገበሬው ማሽላውን መሬት ቆፍሮ በጉድጓድ ያስቀምጣል። እህሉ ራሱ ስለሚተነፍስ በታሸገው ጉድጓድ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ያልቃል፣ ነቀዙም በዚሁ ይሞታል። የዚህ የጥንት ጥበብ ጥቅሙም አደጋውም ከአንድ ምንጭ የሚመነጭ ነው፤ ነቀዙን የገደለው አየር፣ ጉድጓዱ እንደተከፈተ ዘሎ የሚገባውንም ሰው አይምረውም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተራ አየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል የሚከብድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ይወርዳል። በኢጣልያ አገር በናፖሊ አጠገብ «የውሻ ዋሻ» የሚባል ስፍራ አለ። ቀድሞ አገር ጎብኚዎች ወደዚያ ሲገቡ፣ ቆሞ የሚሄደው ሰው ምንም ሳይሆን አብሮት የገባው ውሻ ራሱን ስቶ ይወድቅ ነበር፤ ከመሬት የሚወጣው ጋዝ ከወለሉ ላይ ተኝቶ ከሰው ጉልበት በላይ አይደርስምና። በካሜሩን አገርም በ1986 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ነሐሴ ወር፣ ከኒዮስ ሐይቅ ውስጥ በሌሊት የፈነዳው ይኸው ጋዝ ሸለቆ ለሸለቆ ወርዶ 1,700 ያህል ሰዎችን ገድሏል። በጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ያለው መጠን ከዚህ ጋር የሚወዳደር ባይሆንም፣ ጠባዩ ግን ያው ነው።

በመጸዳጃ ቤት ጉድጓድና በፍሳሽ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ደግሞ የተለየ ነው። በዚያ የሚገኘው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባለው፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ነው። ብዙ ሰው «ሽታው ጠፍቷልና አሁን መግባት ይቻላል» ሲል ይሰማል። ይህ አነጋገር ሰው ያስገድላል። ጋዙ በአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ 100 እጅ ያህል ሲደርስ የማሽተትን ኃይል ያደነዝዛልና፣ ሽታው ጠፋ የተባለው ጋዙ በዝቶ ሊሆን ይችላል። 1,000 እጅ ያህል ሲሆን ሰው ወዲያውኑ ይወድቃል። ጋዙ በዝቃጩ ውስጥ ታምቆ ስለሚኖር፣ ሠራተኛው እስኪገባ ድረስ አየሩ ደኅና መስሎ ይታያል፤ አካፋው ዝቃጩን ባነቃነቀው ጊዜ ግን በአንድ ጊዜ ይወጣል። ከዚሁ ጉድጓድ የሚወጣው ሚቴን ደግሞ ሽታ የለውም፤ በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን በአንዲት ክብሪት ይፈነዳል።

አራተኛው ጠላት ሰው ራሱ ይዞት የሚወርደው ነው። የቤንዚን ወይም የናፍጣ ሞተር ያለው የውኃ መሳቢያ ከላይ ሆኖ ውኃ መሳብ የሚችለው እስከ 7 ሜትር ጥልቀት ያህል ብቻ ሲሆን፣ በደጋው አገር ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ጉድጓዱ የጠለቀ ሲሆን ባለቤቱ ሞተሩን ራሱን በገመድ አስሮ ወደ ውስጥ ያወርደዋል። የሞተሩ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክሲጅን 200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ሊያስነሣው የሚወርደው ሰው አይመለስም። ሞተር ፈጽሞ ወደ ጉድጓድ መውረድ የለበትም፤ ለጥልቅ ጉድጓድ በኤሌክትሪክ የሚሠራና ውኃ ውስጥ የሚጠልቅ መሳቢያ አለ። ይህ ካልተገኘ በባልዲና በመዘውር መቅዳት ይሻላል። (በዝግ ቤት ከሰል አንድዶ የሚተኛውንም የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው።)

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንመጣለን። በለንደን ከተማ «የፖስተኞች መናፈሻ» በሚባለው ስፍራ፣ ሌላውን ለማዳን ሲሉ ለሞቱ ተራ ሰዎች መታሰቢያ የሆኑ የሸክላ ጽሑፎች በግንብ ላይ ተለጥፈው ይታያሉ። ከእነዚህ አንዱ በ1895 ሐምሌ ወር መጀመሪያ በኢስት ሃም የፍሳሽ መሳቢያ ስፍራ አንድ ጓደኛቸውን ለማዳን ገብተው የሞቱትን አራት ሰዎች ያስታውሳል። ሌላው በ1901 በሐምሌ ወር ጓደኞቻቸውን ለማውጣት ወደ አንድ ጉድጓድ ተራ በተራ ወርደው በጋዝ ስለሞቱ ሦስት ሰዎች ይናገራል። በዚያ ዘመን የሆነው ዛሬም አልቀረም። የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች በ1986 ባወጡት ማስጠንቀቂያ፣ በዝግ ስፍራ ከሚሞቱት መካከል ከመቶ ከ60 በላይ የሚሆኑት ለማዳን የገቡት መሆናቸውን ገልጸዋል።

በእኛም አገር ጠባይ ነገሩ የባሰ ነው። ወንድሙ ሲወድቅ እያየ ከላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው በጎረቤት ዘንድ ፈሪ ይባላል፤ እናትም «ልጄን አውጡልኝ» ብላ በምትጮህበት ጊዜ ጎልማሳው ሁሉ ልብሱን አውልቆ ለመውረድ ይሽቀዳደማል። ይህን ስንጽፍ የዚህን ሕዝብ ወንድማማችነት ለመንቀፍ አይደለም። ነገር ግን የመጀመሪያውን ሰው የጣለው አየር ለሁለተኛው ጉልበት የሚያሳየው አክብሮት የለም። ይልቁንም ሁለተኛው በፍርሃትና በጥድፊያ አብዝቶ ስለሚተነፍስ ቶሎ ይወድቃል። በአፍና በአፍንጫ ላይ እርጥብ ጨርቅ ማሰርም ሆነ ለአቧራ የተሠራ ጭምብል ማድረግ ከጋዝ አያድንም፤ በስፍራው የሌለውን ኦክሲጅን ጨርቅ አይፈጥረውም። እንዲህ ወዳለ ስፍራ ገብቶ ሰው ማውጣት የሚቻለው የራሱን አየር በጀርባው ተሸክሞ በሚገባ፣ በሥራውም በሠለጠነ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ብቻ ነው።

ስለዚህ የማዳን መሣሪያው ሰው ከመውረዱ በፊት መዘጋጀት አለበት። ወደ ጉድጓድ የሚወርድ ሁሉ ደረትን፣ ትከሻንና ጭንን በሚይዝ መታጠቂያ ታጥቆ፣ ገመዱ ከላይ በመዘውር ታስሮ መሆን ይገባዋል። ገመዱን በወገብ ብቻ ማሰር መልካም አይደለም፤ ራሱን የሳተ ሰው በወገቡ ሲጎተት ይታጠፋል፣ በጠባቡም አፍ ላይ ይቀረቀራል። ራሱን የሳተን ሰው ቀጥ አድርጎ ማውጣት ለአንድ ሰው ጉልበት እጅግ የሚከብድ ስለሆነ ከላይ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይቁሙ። ከእነዚህ አንዱ በማናቸውም ምክንያት ከአፉ አይለይ፤ ቡና ሊጠጣም ቢሆን አይሂድ። በየጊዜው ስሙን እየጠራ ያነጋግረው፤ መልሱ የዘገየ ወይም የተወላገደ እንደሆነ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ይጎተት።

አየሩን ስለ መመርመር ብዙ የተሳሳተ ልማድ አለ። ሻማ ወይም ኩራዝ አውርዶ ማየት ከጥንት የመጣ ዘዴ ነው። እሳቱ የሚጠፋው ኦክሲጅኑ ወደ 16 በመቶ ሲወርድ ስለሆነ፣ ከጠፋ በእውነት መግባት አይገባም። ካልጠፋ ግን ምንም አላረጋገጠም፤ ሃይድሮጂን ሰልፋይድና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ለመግደል በሚበቁበት መጠን እሳት አያጠፉምና። ሚቴን ባለበትም ሻማው ራሱ ፍንዳታውን ያመጣል። በእንግሊዝ አገር የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ይዘው ይገቡ የነበረው እሳት የማያሳየውን ጋዝ እንድታሳያቸው ነበር፤ ይህም ልማድ በ1986 በመሣሪያ ተተክቶ ቀርቷል። መሣሪያው በእጅ የሚያዝ ሲሆን ኦክሲጅንን፣ ተቀጣጣይ ጋዝን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሃይድሮጂን ሰልፋይድን በአንድ ጊዜ ይለካል። በገመድ አውርዶ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ማንበብ፣ ሠራተኛውም ከገባ በኋላ ከእርሱ ጋር እንዲቆይ ማድረግ ያስፈልጋል። ትናንት ደኅና የነበረ ጉድጓድ ዛሬ ደኅና ነው ማለት አይቻልም፤ የአየር ግፊት በሚቀንስበት ቀን በአፈሩ ውስጥ የታመቀው ጋዝ ወደ ጉድጓዱ ይወጣል።

አየሩን ለመለወጥ የሚሻለው፣ ንጹሕ አየር በሰፊ ቱቦ እስከ ታች ድረስ የሚነፋ ማራገቢያ ነው። የሚነፋው አየር ከሞተር ጭስ ርቆ መወሰድ አለበት። በገጠር እንደሚደረገው ቅጠላም ቅርንጫፍ በገመድ ደጋግሞ ማውረድና ማውጣት አየሩን ጥቂት ያነቃንቀዋል፤ ሆኖም ሰው ለማስገባት የሚያበቃ ዋስትና አይሆንም። ከጋራዥ ወይም ከሐኪም ቤት የኦክሲጅን ሲሊንደር አምጥቶ ወደ ጉድጓድ መልቀቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ኦክሲጅን የበዛበት ልብስና ዘይት በትንሽ ብልጭታ ይነዳል። ቤንዚን የነበረበትን በርሜል ወይም ቦቴ ሳያጸዱ መበየድም እንደዚሁ ነው፤ ባዶ የመሰለው ከሞላው ይልቅ ይፈነዳል።

የፍሳሽ ጉድጓድን በሚመለከት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ሰው ጨርሶ አለማስገባት ነው። በመምጠጫ መኪና ከላይ ሊወጣ የሚችለውን ዝቃጭ በባልዲ ለማስወጣት ሰው የሚቀጥር ባለቤት የሚያተርፈው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነው።

አሜሪካ በ1993፣ እንግሊዝም በ1997 ለዝግ ስፍራ ሥራ ብቻ የተለየ ደንብ አውጥተዋል። የደንቦቹ መሠረት ቀላል ነው፤ በተቻለ መጠን አለመግባት፣ መግባት ግድ ቢሆን አየሩን አስቀድሞ መመርመርና የማዳኛውን መንገድ ከሥራው በፊት ማዘጋጀት። አሜሪካኖቹ በዚህ ላይ የተፈረመ የመግቢያ ወረቀት ይጠይቃሉ። በኢትዮጵያም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ከአደጋ እንዲጠብቅ፣ መሣሪያ እንዲሰጥና ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስረዳ ያስገድዳል። አንድ ማዘጋጃ ቤት ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልገውም። የመግቢያ ወረቀት አዘጋጅቶ፣ አየሩን የለካው ማን እንደሆነ፣ ከላይ የሚቆሙት እነማን እንደሆኑ፣ ገመዱና መዘውሩ መታየቱን ኃላፊው ፈርሞ ካልጻፈበት ሥራው እንዳይጀመር ማዘዝ ይበቃል። የፈረመ ሰው እንደሚጠየቅ ስለሚያውቅ ጉድጓዱን ሄዶ ያያል።

ከጉድጓድ የወጣ ሰው ካልተነፈሰ ወዲያውኑ ንጹሕ አየር ባለበት በጀርባው አስተኝቶ፣ ደረቱን በመጫንና እስትንፋስ በመስጠት መርዳት ይገባል። ነቅቶ ቢነጋገርና «ደኅና ነኝ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ» ቢልም እንኳ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ በሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተጎዳ ሳንባ ከብዙ ሰዓት በኋላ ውኃ ሊቋጥር ይችላል፣ በሽተኛውም በዚያው ሌሊት በአልጋው ላይ ሊታፈን ይችላልና።