የእንግሊዝ ጥንታዊ የማሆጋኒ የቤት ዕቃ

የእንግሊዝ አናጺዎች በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለከበሩ ዕቃዎች የሚመርጡት የዋልነት እንጨት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1721 የወጣ ሕግ ከብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች በሚገባ እንጨት ላይ የነበረውን ቀረጥ ካነሣ በኋላ ግን በመጀመሪያ ከጃማይካ፣ ኋላም ከኩባና ከሆንዱራስ ባሕረ ሰላጤ በመርከብ የሚመጣው ቀይ ቡናማ እንጨት፣ ማሆጋኒ፣ ቦታውን ወሰደ። ዛፉን በጫካ ውስጥ የሚቆርጡትና ግንዱን ወደ ወንዝ የሚያደርሱት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ስለነበሩ፣ የዕቃዎቹ ውበት ሲነገር የእነርሱም ድካም አብሮ መነገር አለበት።

የማሆጋኒ ግንድ እጅግ ወፍራም በመሆኑ የጠረጴዛ ገጽ ያለ መጋጠሚያ ከአንድ ወጥ ጣውላ ሊወጣለት ይችላል፤ በሚገባ ከደረቀም በኋላ እምብዛም አይጣመምም፤ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነም ረቂቅ ፍልፍል ሥራ ሳይሰበር ይሸከማል። ቶማስ ቺፐንዴል እ.ኤ.አ. በ1754 በለንደን ባሳተመው የንድፍ መጽሐፍ የሚታዩት፣ መደገፊያቸው የተፈለፈለ ወንበሮች ከዚህ ጠባይ ጋር በእጅጉ የሚስማሙ ናቸው።

በዘመኑ ብዙ ዕቃ በግድግዳ ዙሪያ ተደርድሮ ሲፈለግ ብቻ ወደ መሐል ይወጣ ስለነበር፣ ጠረጴዛው መታጠፍ ነበረበት። ባለ ሦስት እግሩ የሻይ ጠረጴዛ ለዚህ ግሩም ምሳሌ ነው፤ ክብ ገጹ በማጠፊያ ላይ ስለተቀመጠ ሻይ ካበቃ በኋላ ቀጥ ብሎ ይቆምና ጥግ ይይዛል፤ እግሮቹም ሦስት በመሆናቸው ወለሉ ባይስተካከልም አይንገዳገድም። በተሻሉት ላይ የሚታየው ከፍ ያለ ጠርዝ በኋላ የተለጠፈ ሳይሆን፣ ወፍራም ጣውላ መሐሉ ተፍቆ ዳሩ ብቻ እንዲቀር በማድረግ የተገኘ ነው፤ አንድ ስኒ እንዳይንሸራተት ይህን ያህል እንጨትና ጉልበት መዋሉ የሻይን ክብር ያሳያል። ሻይ ቅጠሉም ውድ ስለነበር የሚቀመጠው ቁልፍ ባለው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነበር። ወይን ማቀዝቀዣ ሣጥኖች ደግሞ በረዶና ውኃ ስለሚይዙ ውስጣቸው በእርሳስ ብረት ይለበጥ ነበር።

የጥንቱን ከአዲሱ ለመለየት ከሚረዱት ምልክቶች አንዱ ከእንጨቱ ተፈጥሮ ይመነጫል፤ እንጨት በዘመን ብዛት የሚኮማተረው በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ስለሆነ፣ ክብ ሆኖ የተሠራ የጠረጴዛ ገጽ ዛሬ ሲለካ በእንጨቱ ወርድ በኩል ጥቂት ጠቦ ይገኛል። ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚለካ ገጽ ሲያጋጥም፣ ዕቃው በኋላ ዘመን የተሠራ ወይም ገጹ የተለወጠ እንዳይሆን በሚገባ መመርመር ያስፈልጋል።