የኤሌክትሪክ ብየዳና ዘግይተው የሚመጡ ጉዳቶቹ

መንገድ ዳር በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ ስለ አደጋ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያነሣው ኤሌክትሪክን ነው። ልክ ነው፤ ኤሌክትሪክ ቀጠሮ አይሰጥም። ሌሎቹ የብየዳ ጉዳቶች ግን አንዱ ማታ፣ አንዱ ሰኞ፣ አንዱ ከብዙ ዓመት በኋላ ይመጣሉ። ችላ የሚባሉትም እነዚሁ የሚዘገዩት ናቸው።

በኤሌክትሪኩ እንጀምር። ማሽኑ ከመስመር የሚቀበለውን 220 ቮልት ወደ ዝቅተኛ ቮልትና ከፍተኛ አምፒር ይለውጣል። በብየዳ ላይ ሳለ በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል ከ20 እስከ 30 ቮልት ገደማ ይኖራል፤ በያጁ ኤሌክትሮድ ሊቀይር ሲያቆም ግን ከ50 እስከ 80፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወጣል። ስለዚህ ከእሳቱ ይልቅ ፋታው ያሰጋል፤ በተለይ ጓንቱ በላብ ሲርስ፣ መሬቱ በክረምት ሲረጥብ፣ እግሩም በነጠላ ጫማ ሲሆን። በደረት በኩል የሚያልፍ 50 ሚሊ አምፒር እንኳ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ከማሽኑ ወዲህ ያለው መስመር ደግሞ ይብሳል፦ ያለ ስፒና ሶኬት ውስጥ የተወተፈ ሽቦ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ቅጣይ። የማሳው (የመመለሻው ገመድ) መቆንጠጫ የሚበየደው ብረት ላይ፣ ለብየዳው ቀረብ ተደርጎ መያዝ አለበት። ራቅ ካለ የውሃ ቧንቧ ላይ ካሰሩት፣ ኤሌክትሪኩ መመለሻ መንገዱን ማንም ባላሰበው በኩል ያደርጋል።

ማታ የሚመጣው የዓይን ሕመም ነው። ከብየዳው የሚወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር የዓይንን የፊት ሽፋን ያቃጥላል። ሥቃዩ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ብዙዎችን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳቸው አሸዋ የገባባቸው ያህል እየቆረቆራቸው ነው። ባብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሻላል። ድንች ቆርጦ መለጠፍ ወይም ዓይን ውስጥ ወተት መጨመር ግን በቆሰለ ዓይን ላይ ሌላ በሽታ መጋበዝ ነው፤ የማደንዘዣ ጠብታ ደጋግሞ መጠቀምም ፈውሱን ያዘገያል። ከ60 እስከ 160 አምፒር ለሚሆን የኤሌክትሮድ ብየዳ የሚመከረው 10 ቁጥር የጭንብል መስታወት ነው። የፀሐይ መነጽር ወደዚያ አይጠጋም።

ከሁሉ የሚናቀው ጭሱ ነው። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ወይም ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ያሰኛል፤ ትኩሳትና ቁርጥማት ያስከትላል። ወባ ነው ተብሎ ሊታለፍም ይችላል። ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ ሰውነት ይለምደዋል፤ በእረፍት ቀን ልማዱ ስለሚጠፋ ሰኞ ሕመሙ ይመለሳል። መድኃኒት ተብሎ የሚጠጣው ወተት ነው። ወተቱ የሚወርደው ወደ ሆድ፣ ጭሱ የገባው ወደ ሳንባ፤ እንዴት ይገናኛሉ? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ስቴንለስ ስቲል ሲበየድ ጭሱ ውስጥ አደገኛ የክሮሚየም ዓይነት ይኖራል። የጨርቅ ማስክ ይህን ደቃቅ ጭስ አያስቀርም። ዚንኩን አስቀድሞ ፍቆ ማንሣት፣ ደጅ መሥራት፣ ጭሱ ፊት ላይ እንዳይመጣ ነፋሱን ከጎን አድርጎ መቆም ብዙ ይቀንሰዋል።

ስለ እሳት አንድ ነገር ብቻ፦ ባዶ የነዳጅ በርሜል ከሙሉው ይልቅ ያስፈራል። ውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ስለሚደባለቅ አንድ ፍንጣሪ ያፈነዳዋል።

ወደ ሥራ ቤቱ ሰዎች ስንመለስ፣ በብዙ ቤት ጭንብሉ አንድ ነው፤ እሱም የበያጁ። ብረቱን የሚይዘው ረዳት ፊቱን ያዞራል፤ ጨረሩ ግን ከግድግዳና ከላሜራ ተንጸባርቆ ያገኘዋል። ቆሞ የሚያይ ሕፃንንም እንዲሁ፤ ለእሱ አንድ ሸራ መጋረድ ይበቃ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስረዳ ያዛል። ውሉ በወረቀት አለመስፈሩ ረዳቱን ከዚህ መብት አያስወጣውም፤ ይህን መብቱን የሚያውቅ ረዳት ግን እምብዛም አይገኝም።