ሻይ የሚቆለፍበት ሣጥን

በዘንድሮው የወላጆች ቀን ከተማሪዎቹ የሳይንስ ሥራዎች ጎን አንድ አሮጌ የእንጨት ሣጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ነበር። መጠኑ ከሁለት ጡብ ብዙም አይበልጥም። ፊቱ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ አለው፤ ቁልፉ ግን ጠፍቷል። ያዩት ሁሉ የወርቅ ወይም የገንዘብ ማስቀመጫ ነው ብለው ገመቱ። የሻይ ቅጠል ማስቀመጫ መሆኑን ስነግራቸው አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ «ሻይ ደግሞ ይቆለፋል እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ናይሮቢ ውስጥ ያደገች ልጅ ብትስቅ አይፈረድባትም። ከከተማችን ወጣ ብለን ሊሙሩ ስንደርስ ኮረብታው ሁሉ ሻይ ለብሶ እናያለን፤ ቅጠሉም በየሰፈሩ ሱቅ አለ። ያን ቀን በሁለት ዐረፍተ ነገር መልሼላት አለፍኩ። ጥያቄዋ ግን ከዚያ የበለጠ መልስ ይገባዋል፤ አሮጌ ዕቃ መሰብሰብ ምን እንደሚያስተምርም ለመናገር ጥሩ አጋጣሚ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሻይ እንግሊዝ አገር የገባው በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ሳሙኤል ፒፕስ የተባለ የለንደን ሹም በ1660 በዕለት ማስታወሻው ላይ ከዚያ በፊት ቀምሶት የማያውቀውን ይህን የቻይና መጠጥ አስመጥቶ እንደጠጣ መዝግቧል። ቅጠሉ ከቻይና በመርከብ የወራት ጉዞ አድርጎ ይመጣል፤ ወደብ ሲደርስ ደግሞ መንግሥት ከባድ ቀረጥ ይጥልበታል። እስከ 1784 ድረስ ቀረጡ ከዋጋው 119 በመቶ ደርሶ ነበር። በ100 የተገዛ ዕቃ ላይ ቀረጡ ብቻ 119 ማለት ነው! በዚህ የተነሣ ኮንትሮባንድ ተስፋፋ፤ የሌላ ተክል ቅጠል አድርቀው ከሻይ ጋር የሚቀላቅሉ ነጋዴዎችም ነበሩ። በ1784 መንግሥት ቀረጡን ወደ 12 ተኩል በመቶ ሲያወርደው ኮንትሮባንዱ ትርፉን አጣ።

እንግዲህ በዚያ ዘመን የሻይ ሣጥን ወጥ ቤት አይቀመጥም ነበር። ቁልፉን የምትይዘው እመቤቲቱ ናት። እንግዳ ሲመጣ ሣጥኑ ወደ ሳሎን ይገባል፤ እርሷው ከፍታ፣ ቅጠሉን በትንሽ ማንኪያ ለክታ፣ እንግዶቹ እያዩ ሻዩን ታዘጋጃለች። ቡና በእንግዳ ፊት ተቆልቶ ተወቅጦ ሲፈላ እያየ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ልዩነቱ ቁልፉ ላይ ነው። ቁልፉ የተሠራው ለሌባ ሳይሆን ለቤቱ አገልጋዮች ነው። አክስቴ እዚሁ ናይሮቢ በሰው ቤት ለብዙ ዓመታት ሠርታለች፤ ስለዚህ ያን ቀዳዳ ባየሁ ቁጥር ትሪውን ይዛ ከበሩ አጠገብ የቆመችው ሠራተኛ ትታየኛለች።

የእንግሊዝኛው የሣጥኑ መጠሪያ «ካዲ» የመጣው «ካቲ» ከሚለው የማላይ ቃል ነው፤ 600 ግራም ያህል የሆነ የክብደት መለኪያ ነው። ብዙዎቹ ሣጥኖች ውስጣቸው ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ለአረንጓዴ፣ ሌላው ለጥቁር ሻይ። በአንዳንዶቹ መካከል የብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህን ይቀመጣል፤ ስኳር መያዣ ነው የሚሉ አሉ፣ ሁለቱን ሻይ መቀላቀያ ነው የሚሉም አሉ። ውስጡ ቅጠሉ እንዳይረጥብና መዓዛው እንዳይጠፋ እርሳስ ባለበት ስስ ብረት ይለበጣል። ወላጆች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ሣጥን ቢያጋጥማችሁ ለዓይን እንጂ ለሻይ አትጠቀሙበት፤ እርሳስ መርዝ ነው።

በ1839 ከሕንድ አሳም የመጣ ሻይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ። በኋላም የሲሎን ሻይ ተከተለ። ቅጠሉ እየረከሰ ሲሄድ ሣጥኑ ቁልፉን አጣ፤ በመጨረሻ የቆርቆሮ ጣሳ ሆነ። ሊሙሩ ላይ የመጀመሪያው ሻይ የተተከለው በ1903 ነው፤ ያን ጊዜ ሻይ መቆለፍ የአያቶች ወግ ሆኖ ነበር።

ስለ እኔ ሣጥን እውነቱን ልናገር። የሸጠልኝ ሰው «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፎታል» ብሎኛል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ተቀብሎኛል። ቤት ወስጄ የማጠፊያውን ብሎኖች ፈታሁ። በእጅ የተሠራ የጥንት የእንጨት ብሎን ጫፉ ደንዳና ነው፤ ራሱ ላይ ያለው ስንጥቅም ብዙ ጊዜ መሐሉን ይስታል። ሹል ጫፍ ያለው በማሽን የተሠራ ብሎን የተስፋፋው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። የእኔዎቹ ሹል ናቸው። ምናልባት ተቀይረው ይሆናል ብዬ የሌላ ብሎን ቀዳዳ ፈለግሁ፤ አንድም የለም። ስለዚህ ሣጥኔ ሻጩ ካለው ዕድሜ ያንሳል። ገንዘቤ አንገብግቦኛል፣ አልዋሽም። ሣጥኑን ግን ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ወደድኩት፤ ሻጩ የደበቀኝን ብሎኑ ነግሮኛልና። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፖምና በፒር ፍሬ ቅርጽ የተሠሩ የሻይ ሣጥኖች አሉ፤ በጣም ስለሚፈለጉ አስመስለው የሚሠሯቸው ብዙ ናቸው። እነዚያን ለባለጠጋ እተዋለሁ።

በዝሆን ጥርስ ወይም በባሕር ዔሊ ቅርፊት የተለበጡ ሣጥኖችም አሉ። እነርሱን አልነካም። ኬንያ በ1989 12 ቶን የዝሆን ጥርስ በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያቃጠለችው ንግዱ እንዲቆም ለዓለም ለማሳየት ነው፤ በዚያው ዓመትም ዓለም አቀፉ የዝሆን ጥርስ ንግድ እንዲታገድ ተወሰነ። «አሮጌ ነው» የሚል ሰበብ ሕጉ ፊት ሁልጊዜ አያድንም።

ወደ ብር ዕቃ ልለፍ። በቋንቋችን ብር ማለት ብረቱም ገንዘቡም ነው፤ ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም። አያቶቻችን ይገበያዩበት የነበረው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ላዩ ላይ 1780 የሚል ዓመት አለበት፤ ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። አንጥረኞቻችን እያቀለጡ መስቀልና አምባር ሠርተውበታል። እንግሊዞችም እንዲሁ የብር ገንዘባቸውን ጠርዝ እየከረከሙና እያቀለጡ የገበታ ዕቃ ይሠሩ ስለነበር ገንዘቡ ከገበያ መመናመን ጀመረ። መንግሥት በ1697 ለብር ዕቃ የሚፈለገውን ንጽሕና ከገንዘቡ ከፍ አድርጎ ወደ 95.8 በመቶ አወጣው፤ ገንዘብ አቅልጦ በቀጥታ ዕቃ መሥራት እንዳይቻል ነው። በ1720 የቀድሞው መለኪያ፣ 92.5 በመቶው ስተርሊንግ፣ ተመለሰ።

የእንግሊዝ ብር ለሰብሳቢ የሚመቸው ላዩ ላይ የተቀጠቀጡት ጥቃቅን ማኅተሞች ስላሉት ነው። ከ1300 ጀምሮ የነብር ራስ ማኅተም ተደነገገ። በ1478 ዓመቱን የሚያመለክት ፊደል ተጨመረ፤ ፊደሉ በየዓመቱ ይለወጣል፣ ፊደላቱ ሲያልቁ ጽሕፈታቸው ተቀይሮ እንደገና ይጀመራል። በ1544 የሚራመድ አንበሳ መጣ። ከ1773 ጀምሮ መልሕቅ ካለበት ዕቃው በበርሚንግሃም፣ ዘውድ ካለበት በሼፊልድ የተመረመረ ነው። ከ1784 እስከ 1890 ድረስ ቀረጥ መከፈሉን የሚያሳይ የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ ይታከልበታል። ሠሪውም የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት ያስቀምጣል። ከተማውን፣ ዓመቱን፣ ጥራቱንና ባለሙያውን ከጥፍር ባነሰ ቦታ ታነባላችሁ።

በብር የተለበጠ ዕቃ ሌላ ነው። በ1740ዎቹ በሼፊልድ ቶማስ ቦልሶቨር መዳብንና ብርን አጣብቆ አብሮ መዳመጥን አገኘ፤ በ1840 ደግሞ ኤልኪንግተኖች በኤሌክትሪክ የመለበጥን ዘዴ በስማቸው አስመዘገቡ። ጠርዙ ሲበላ ቀይ መዳብ ብቅ ካለ ጉዳዩ ተጋለጠ ማለት ነው። ማግኔት አይረዳችሁም፤ ብርንም መዳብንም አይስብም።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አክስቴ ትሠራበት የነበረው ቤተሰብ ወደ አገሩ ሲመለስ ስድስት የሻይ ማንኪያ ሰጣት። በልጅነቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የእኔ ሥራ ማንኪያዎቹን በአመድና በሎሚ ማሸት ነበር። እንደ መስታወት አብርቼ ሳሳያት ትመርቀኝ ነበር። ለዓመታት አሸሁ። አክስቴ ታማ ገንዘብ ያስፈለገን ጊዜ ወደ አንድ ነጋዴ ወሰድኳቸው። ገለበጠ፣ በአውራ ጣቱ ጀርባቸውን ዳበሰ፣ «ምንም የሚነበብ ነገር የለም፤ እንደ ተለበጠ ዕቃ ነው የምገዛው» አለኝ። ማኅተሞቹን አመዱ በልቷቸዋል፤ አመዱን የያዘው እጅ ደግሞ የእኔ ነው። በቦታቸው የቀረው ጠፍጣፋና አንጸባራቂ ብረት ነበር። የተሰጠንን ተቀብለን አምስቱን ሸጥን።

አምስት ያልኩት ስድስተኛዋ ቀድሞ ጠፍታ ስለነበር ነው። ቤት ስንቀይር ከቁም ሣጥኑ ኋላ ወድቃ ተገኘች፤ እንደ ከሰል ጠቁራለች። ጀርባዋ ላይ መልሕቁ፣ አንበሳው፣ የዓመቱ ፊደልና የሠሪው ፊደላት እንደ ትናንት ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የንግሥት ራስ የለባትም፤ ከ1890 በኋላ በበርሚንግሃም የተመረመረች ስተርሊንግ ናት። አምስቱም ከእርሷ ጋር የተሠሩ ስለመሆናቸው መማል አልችልም። ሆኖም ስድስቱም ዳቸው ተመሳሳይ ነበር። አክስቴ ስትሰማ «ታዲያ አንተ ምን ታውቅ ነበር፣ ልጄ፤ እኔ ነኝ እሸው ያልኩህ» አለችኝ። ማንኪያዋን አላጸዳኋትም።

ስለዚህ ከአያት የቆየ ብር ካላችሁ አመዱንም የጥርስ ሳሙናውንም ተዉት። በለስላሳ ጨርቅና በለብታ ውኃ ይበቃል፤ ማኅተም ያለበትን ቦታ ጨርሶ አትሹ። አስቀድማችሁ ፎቶ አንሡት፤ ማን ለማን በየት ዓመት እንደሰጠም አያቶቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ያን ማኅተሙ አይነግራችሁም።

ሰዓት ለእኔ ለሳይንስ መምህሩ የበለጠ ይጥመኛል። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ በ1656 የፔንዱለም ሰዓት ፈለሰፈ። በ1670 ገደማ እንግሊዞች የሰዓቱን ባለ ጥርስ ተሽከርካሪ አንድ በአንድ የሚለቅ መልሕቅ መሰል ቁራጭ አስገቡ፤ ይህም ረጅም ፔንዱለም በጠባብ ስፋት እንዲወዛወዝ አስቻለ። አንዱን ጉዞ በአንድ ሰኮንድ የሚጨርስ ፔንዱለም 99.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ከሰው ቁመት የሚበልጠው የቁም ሰዓት ሣጥን ለጌጥ አልረዘመም፤ ለፔንዱለሙና ለክብደቶቹ መውረጃ ነው። የዚያ ዘመን ታላቅ ሰዓት ሠሪ ቶማስ ቶምፒየን በ1713 ሲሞት በዌስትሚንስተር አቢ ተቀብሯል።

የአንድ ተማሪያችን አያት አገር ለቀው ከሚሄዱ ሰዎች የገዙት እንዲህ ያለ ሰዓት አላቸው። ከእንግሊዝ ከመጣ ጀምሮ ለጌጥ ነበር የቆመው። ሲያስነሡት በየቀኑ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ወደ ኋላ ይቀራል። ያሳዩት ሰው ሞተሩ አርጅቷል፣ ውስጡን አውጥቼ በባትሪ ልቀይርላችሁ ብሏቸው ቀን ቀጥረው ነበር። የልጅ ልጃቸው ይህን ክፍል ውስጥ ስታወራ ሰምቼ እንዳያስነኩት ለመንኩ።

ሰዓቱ አልታመመም ነበር። በ1672 ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ ከፓሪስ ወደ ካየን፣ ወደ ምድር ወገብ አካባቢ፣ የወሰደው ሰዓት በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ዘግይቶበታል። ምድር ወገቧ ላይ ሰፋ ያለች ናት፣ ትሽከረከራለችም፤ ስለዚህ እዚያ ስበቷ ይቀንሳል፣ ፔንዱለምም ይዘገያል። ናይሮቢ ደግሞ ከምድር ወገብ አጠገብ ከመሆኗ በላይ ከፍታ ላይ ናት። በሒሳብ ስንሠራው ለንደን ላይ የተስተካከለ ሰዓት እዚህ ሲመጣ በቀን 158 ሰኮንድ ያህል ይቀራል፤ መድኃኒቱ ፔንዱለሙን ወደ 4 ሚሊ ሜትር ማሳጠር ነው። ከፔንዱለሙ ክብደት ሥር ያለችውን ትንሽ ዳዶ እያዞርን ከፍ አደረግነው። የልጅ ልጃቸው በየምሽቱ ከስልክ ሰዓት ጋር እያስተያየች በደብተር መዘገበች፤ በአምስተኛው ቀን ልዩነቱ ከጥቂት ሰኮንዶች አላለፈም።

እግረ መንገዴን ከውስጥ አየሁት። ሞተሩ የሚቀመጥበት ሳንቃ ላይ ከብሎኖቹ ጎን የማይጠቅሙ ትርፍ ቀዳዳዎች አሉ። ሞተሩና ሣጥኑ አብረው አልተወለዱም፤ ነጋዴዎች «የተጋባ» የሚሉት ዓይነት ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ለአባወራው ስነግራቸው ሳቁና ባለቤታቸውን እያዩ «እኛስ አብረን መች ተወለድን» አሉ። እማማ ግን ሐሳባቸው ሌላ ነበር። ሰዓቱ ጠዋት ሰባት ጊዜ ሲደውል «ይኸ ፈረንጅ ገና በአንድ ሰዓት ሰባት ይለኛል፤ ይህንንስ አታስተካክለውም?» ብለው ጠየቁኝ። ስዋሂሊ ተናጋሪዋ የቤት ረዳታቸው ከወጥ ቤት ሆና ሳቀች፤ በእርሷም ቋንቋ ሰዓቱ አንድ ነበር።