ጣት የምታህል ምስክር

መንዝ ውስጥ ሞላሌ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ነገር ከተነሣ ተማሪዎቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ፍንዳታ ነው። እኔን የምትገርመኝ ግን አንዲት ጣት የምታህል ብረት ናት። ውፍረቷ 10፣ ርዝመቷ 55 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወገቧ ላይ ትንሽ ጭረት አላት። ያረጀ ማመንጫ ሥራውን ይቀጥል ወይስ ይቁም ተብሎ ሲመረመር ከዋና ዋናዎቹ ምስክሮች አንዷ እሷ ናት።

መሠረቱ ቀላል ነው። ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ሙቀት ይሰጣል፣ ሙቀቱ ውኃን እንፋሎት ያደርጋል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይሰጣል፤ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ማመንጫውን እንደገና ይመረምራል።

አሁን ወደሚቆረቁረኝ ነገር ልግባ። «ኑክሌር ማመንጫ ዕድሜው 40 ዓመት ነው» የሚል አባባል በየቦታው ይሰማል። ስህተት ነው። ቁጥሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ከወጣው የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ሕግ ነው። ፈቃዱ በ40 ዓመት የተገደበውም ብረትና ኮንክሪት ከዚያ ወዲያ አይችልም ተብሎ ሳይሆን፣ በኢኮኖሚ ምክንያትና ገበያው በጥቂቶች እጅ እንዳይወድቅ በሚል ሐሳብ ነው። ስለዚህ 40 ዓመት የወረቀቱ ዕድሜ እንጂ የማሽኑ አይደለም። ፈረንሳይን የመሳሰሉ አገሮች ደግሞ በየ10 ዓመቱ ጠለቅ ያለ ፍተሻ ያደርጋሉ።

መንዝ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። አባቶቻችን ጓሳ የተባለውን የአካባቢያችንን ሣር ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ዘግተው ያቆዩት ነበር። ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት ሣር ነው። መቼ እንደሚከፈት የሚቆርጠው የዓመቱ ቁጥር አልነበረም። ቀሮ በተባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት የተመረጠው ኃላፊ፣ አባ ቀራ፣ የሣሩን ሁኔታ አይቶ ደርሷል ሲል ነው ማጭድ የሚገባው። ሥርዓቱ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ዘልቋል። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ሣር በቁመቱ እንጂ በዓመቱ አይታጨድም» ብለውኛል። ስለ አሮጌ ማመንጫ ፍተሻ ከዚህ ያጠረና የጠራ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ታዲያ የማመንጫው «ቁመት» በምን ይታያል? ፓምፕ ሲያረጅ ይለወጣል፣ ቫልቭም ይለወጣል። የኑክሌር ነዳጁን የያዘው ወፍራም የብረት ጋን ግን በተግባር አይለወጥም። ከነዳጁ የሚወጣው ኒውትሮን ዓመት ከዓመት ሲደበድበው ብረቱ ልስላሴውን እያጣ ይሄዳል። በሙቀት ላይ እያለ ጠንካራ ነው፤ ችግሩ በድንገት ሲቀዘቅዝ ነው። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስ ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም። በአደጋ ጊዜ ወደ ጋኑ የሚገባው የማቀዝቀዣ ውኃም የሚያስፈራው ስለዚህ ነው።

ጋኑን ቆርጦ መፈተሽ አይቻልም። መሐንዲሶቹ ያገኙት ዘዴ የሚገርም ነው። ጋኑ ሲሠራ ከዚያው ብረት፣ ከብየዳውም ጭምር፣ ትናንሽ ቁራጮች ይወሰዱና በጥብቅ መያዣ ታሽገው ገና ከመጀመሪያው ጋኑ ውስጥ ይሰቀላሉ። ቦታቸው ከጋኑ ግድግዳ ይልቅ ወደ ነዳጁ ይቀርባል። ኒውትሮኑ እነሱን አብዝቶ ስለሚመታ ከጋኑ ቀድመው ያረጃሉ፤ ጋኑ ከዓመታት በኋላ የሚደርስበትን እነሱ ዛሬ ደርሰውበታል። በየጊዜው አንድ መያዣ ይወጣና ቁራጮቹ በተለያየ ሙቀት በሚወዛወዝ መዶሻ ይመታሉ። መዶሻው ብረቷን ሰብሮ በወዲያኛው በኩል ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይለካል። ብዙ ከፍ ካለ ብረቷ ብዙም አልታገለችውም፤ ተሰባሪ ሆናለች ማለት ነው። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሻርፒ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያስተዋወቀው ይህ ፈተና ዛሬም በስሙ ይጠራል። መዳብ የበዛበት አሮጌ ብየዳ ቶሎ እንደሚያረጅ የታወቀውም እንዲህ ባሉ ቁራጮች ነው። መድኃኒትም አለው፦ በሩሲያ ሠራሽ ማመንጫዎች አንዳንድ ጋኖች እስከ 475 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ እንዲግሉ ተደርገው ልስላሴያቸው ተመልሷል። ማረሻ የሚያግል ባለእጅ ይህን ቢሰማ አይደንቀውም።

የፍተሻው ሥርዓት ራሱም ተምሯል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣችው የፈቃድ ማደሻ ደንብ ከባድና ግልጽነት የጎደለው ስለነበር በ1995 ተሻሻለ። በየዕለቱ የሚሽከረከረውና የሚከፈት የሚዘጋው በመደበኛ ክትትል ይታያል፤ የእድሳቱ ፍተሻ ዝም ብለው ለዘመናት በሚቆሙት በጋኑ፣ በቧንቧው፣ በኬብሉና በኮንክሪቱ ላይ ያተኩር ተባለ። በ2000 ካልቨርት ክሊፍስ የተባለው ማመንጫ የመጀመሪያውን የ20 ዓመት እድሳት አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ከሁሉም ማመንጫዎች የተገኘው የእርጅና ትምህርት በአንድ ሰነድ ተሰበሰበ፤ መርማሪ ሁሉ ከዜሮ እንዳይጀምር። እኔ ማሻሻል የምለው ይህን ነው። የፍተሻውን ቀን ማሳጠር ብቻውን ማሻሻል አይባልም፤ ዓይን የት መዋል እንዳለበት ማወቅ ነው ቁም ነገሩ።

«እስካሁን ሠርቷል፣ ምን ይሆናል» የሚሉትንም ሳልገሥጽ አላልፍም። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ በዴቪስ ቤሲ ማመንጫ ፍተሻው ለጥቂት ሳምንታት እንዲዘገይ ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲታይ ቦሪክ አሲድ የጋኑን ክዳን ወፍራም ብረት በአንድ ቦታ በልቶ ጨርሶ፣ ግፊቱን የያዘው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የውስጥ ልባስ ብቻ ነበር። ሰው አልተጎዳም፤ ግን የቀረው ያ ነበር። ያ ማመንጫ ገና 40 ዓመት አልሞላውም ነበር።

የእድሳቱ ጉዳይ ወደ አህጉራችንም ደርሷል። በአህጉራችን በሥራ ላይ ያለው ብቸኛ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ፣ በኬፕ ታውን አቅራቢያ ያለው ኩበርግ፣ የመጀመሪያ ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ ጀምሮ በሐምሌ 2024 ለተጨማሪ 20 ዓመት ፈቃድ አግኝቷል። ከዚያ በፊት ግዙፍ የእንፋሎት ማመንጫዎቹ ተለውጠዋል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ የጨረርና የኑክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 አላት። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የኑክሌር ማመንጫ ለመገንባት ከሩሲያው ሮስአቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈርሟል። ማመንጫው ከተሠራ የእርጅናው ፍተሻ የሚደረገው ዛሬ ክፍል ውስጥ ያሉት ተማሪዎቼ ባረጁበት ዘመን ነው። ምስክሮቹ ግን ያኔ ተፈልገው አይገኙም። ስንቱ ቁራጭ፣ ከየትኛው ብየዳ፣ በየት በኩል እንደሚሰቀል፣ መዝገቡንም ማን እንደሚይዝ የሚወሰነው ጋኑ ገና ሳይዘጋ ነው። ለተማሪዎቼ ሰሌዳው ላይ 10 በ10 በ55 ብዬ የምጽፍላቸው ስለዚህ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ በዚያን ቀን እዚያ ቆሞ ቁራጮቹን እንዲቆጥር።