ሁለት ካርታ ያለው ሞተር

«ይህ ቤት ሁለት ካርታ አለው» ቢባል የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ጠበቃ ነው። በመኪና ሞተር ላይ ግን ሁለት ካርታ መኖሩ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር ነው። አንዱ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ሌላው ጉልበት ይሰጣል፤ ሹፌሩ አንድ ቁልፍ ይጫንና ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ባለሙያዎቹ ማፕ ይሉታል። እኔ ግን ሳየው ከካርታ ይልቅ በደብተር ጀርባ ታትሞ የሚመጣውን የማባዣ ሰንጠረዥ ይመስለኛል። በአንድ በኩል የሞተሩ ዙር ተደርድሯል፣ በሌላው በኩል ሞተሩ የተሸከመው ጫና፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ አንድ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ለምሳሌ ካንዴላው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ስንት ዲግሪ ቀድሞ እንዲለኩስ ይናገራል። ሌላ ሰንጠረዥ ደግሞ ኢንጄክተሩ ስንት ሚሊሰከንድ ተከፍቶ እንደሚቆይ ይወስናል። ዙሩ በደቂቃ 3,000 ሲሆን በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ በሰከንድ 25 ጊዜ እሳት ይጫራል። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ ከሰንጠረዡ እያየ ያዛል፤ ዙሩ በሁለት ሳጥኖች መካከል ከወደቀም መሃሉን አስልቶ ይወስዳል።

ዱሮ ይህን ሥራ ዲስትሪቡተር ውስጥ ያሉ ስፕሪንጎችና ትንንሽ ክብደቶች፣ ካርቡራተር ውስጥ ደግሞ ነዳጅ የሚያልፍባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች ይሠሩት ነበር። መካኒኩ ካቻቢቴውን ይዞ ያስተካክላል፤ ያስተካከለው ለዳገቱም ለሜዳውም ያው አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ቦሽ ነዳጅ መርጨቱንና እሳት መስጠቱን በአንድ ኮምፒውተር ሥር ያደረገውን ሞትሮኒክ በቢኤምደብሊው 732አይ ላይ አመጣ። ስፕሪንግ ሁለት ጠባይ ሊኖረው አይችልም። ቁጥር ግን አጠገቡ ሌላ ቁጥር ቢጻፍ ምንም አይከብደውም።

ብዙ ሰው ኢኮ የሚባለውን የቁጠባ ቁልፍ ሲጫን ነዳጁ የሚቀጥን ይመስለዋል። በቤንዚን መኪና ላይ እንዲህ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። በጭስ ማውጫው ላይ ያለው ካታሊስት መርዙን በደንብ የሚያጣራው ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲደርሰው ነው፤ ስለዚህ በተለመደው አነዳድ ኮምፒውተሩ በየትኛውም ካርታ ከዚህ ቁጥር ብዙም አይርቅም። ጨዋታው ያለው ነዳጅ መስጫው ላይ ነው። በገመድ ይጎተት የነበረው ፔዳል በኤሌክትሪክ ከሆነ ወዲህ እግራችን የሚሰጠው ትእዛዝ ሳይሆን ማመልከቻ ነው። ኢኮ ላይ ማመልከቻው ጊዜ ወስዶ ይታያል፦ ግማሽ ድረስ ብንረግጥ የአየር በሩ ከዚያ ያነሰ ይከፈታል፣ አውቶማቲክ ካምቢዮው ማርሽ ቶሎ ይጨምራል፣ በአንዳንድ መኪና ኤሲውም ይለዝባል። ፓወር ላይ ያው ማመልከቻ እዚያው ይፈረማል። የቅርብ ዓመታት ሃይሉክስ ላይ ያሉት የኢኮና የፓወር ቁልፎች ከዚህ ወገን ናቸው። ፓወርን ተጭኖ «ፈረስ ተጨመረልኝ» የሚል ባለ መኪና ካለ፣ የተጨመረለት ፈረስ ሳይሆን ጥድፊያ ነው።

ፈረሱን ራሱን የሚቆጣጠር ካርታ ለማየት እ.ኤ.አ. በ2005 ገበያ ላይ የዋለውን የቢኤምደብሊው ኤም5 ማንሳት ይሻላል። ባለ 5 ሊትር፣ ባለ 10 ሲሊንደር ሞተሩ 507 የፈረስ ጉልበት አለው። ሲነሳ ግን 400 ብቻ ይዞ ነው የሚነሳው፤ የቀሩት 107 ፈረሶች ጋጣ ውስጥ ናቸው። አዲስ አበባን ከሞላው ቪትዝ አብዛኛው ይህን ያህል በጠቅላላው የለውም። ሹፌሩ ቁልፉን ሲጫን በሩ ይከፈትላቸዋል፤ ሞተሩን አጥፍቶ ቡና ጠጥቶ ቢመለስ እንደገና 400 ላይ ያገኘዋል። ቁጠባ ነው እንዳልል፣ በ400 ፈረስ ማን ይቆጥባል?

ቱርቦ ያለው ሞተር ላይ ደግሞ ካርታው ብዙ መሥራት ይችላል፤ ቱርቦው የሚያስገባውን አየር ራሱ ይወስናልና። በዳሽቦርዱ ሥር ባለው የምርመራ መሰኪያ በኩል ላፕቶፕ ሰክተው የፋብሪካውን ቁጥሮች የሚቀይሩ ባለሙያዎች የተነሡት በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንዶቹ ብዙ ካርታ አብረው ይጭኑና በመሪው ላይ ባሉት የክሩዝ ቁልፎች እንዲመረጥ ያደርጋሉ። አደጋው ቤንዚኑ ላይ ነው። ለከፍተኛ ኦክቴን የተጻፈ ካርታ ዝቅተኛ ኦክቴን ሲቀዳለት ነዳጁ ካለ ሰዓቱ ይፈነዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል። ይህን የሚያዳምጥ ሴንሰር አለ፤ ድምፁን ሲሰማ እሳቱን ያዘገያል። ካርታው ከልክ ካለፈ ግን ሴንሰሩም አይደርስለት፤ ፒስተን ይበሳል።

ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ለምንኖር ሰዎች ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያጣውን ጉልበት በካርታ ማስመለስ አይቻልም። ኮምፒውተሩ ግፊቱን ለክቶ ነዳጁን መቀነስ ያውቃል፤ ለዚህም ነው የዛሬ መኪና ከጅቡቲ ሽቅብ ሲወጣ እንደ ካርቡራተሩ ዘመን ጥቁር ጭስ የማይተፋው። የሌለ አየር ግን አይፈጥርም።

እስካሁን ያወራሁት ሹፌሩ ስለሚጫነው ቁልፍ ነው። ሹፌሩ የማያውቀው ቁልፍም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ሰባት የከባድ መኪና ሞተር አምራቾች ከመንግሥት ጋር 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያስወጣ ስምምነት ላይ ደረሱ። ክሱ የዲዝል ሞተሮቻቸው ኮምፒውተር መኪናው ረጅም አውራ ጎዳና ላይ መውጣቱን ሲያውቅ በዝምታ ወደ ነዳጅ ቆጣቢ ካርታ ይዞራል የሚል ነበር። ነዳጁ ተቆጠበ፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ግን ከሚፈቀደው በላይ ሆነ።

የቮልስዋገኑ ከዚህም ይብሳል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2015 እንደተገለጠው፣ ሶፍትዌሩ መሪው አለመዞሩንና የመሳሰሉትን ምልክቶች አይቶ መኪናው መመርመሪያ ላይ መቆሙን ያውቅ ነበር። ያኔ ንጹሑን ካርታ ያወጣል። ፈተናው አልቆ መንገድ ሲወጣ ወደ ሌላው ይዞራል፤ አንዳንዶቹ መኪኖች መንገድ ላይ ከሕጉ እስከ 40 እጥፍ የሚደርስ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ያወጡ ነበር። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ይህ ሶፍትዌር ነበራቸው። አውሮፓ ውስጥ ለባለ 2 ሊትሮቹ የታዘዘው ጥገና ሌላ ካርታ ነበር፦ ባለቤቱ መኪናውን ጋራዥ ያስገባል፣ ገመድ ይሰካል፣ አዲስ ሶፍትዌር ይጫናል። ግማሽ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሥራ ነው።