ችግኝ ከመግዛትዎ በፊት ቤትዎን ይዩት

ሰኔ ሲገባ በአዲስ አበባ መንገድ ዳር የተደረደሩ ችግኝ ሻጮች ገበያቸው ይደራል። ዝናብ ጥሎ አፈሩ ሲርስ ሁሉም ሰው መትከል ያምረዋል። መኪናውን አቁሞ ከጽጌረዳው፣ ከቡጌንቪላው፣ ከአቮካዶው፣ ስሙን ከማያውቀው ባለ ቀይ ቅጠልም ጭኖ ይሄዳል። ቤቱ ሲደርስ ባዶ ሆኖ ያገኘው ቦታ ሁሉ ላይ ይተክላል። ጥቂት ክረምት ሲያልፍ አቮካዶው መስኮቱን ሸፍኖ ሳሎኑን ያጨልማል፤ ቡጌንቪላው አሸንዳው ላይ ይወጣል፤ እንግዳ ከውጭ በር ገብቶ ደረጃው ጋ ለመድረስ ቅርንጫፍ እየገለጠ ይሄዳል። ስንት ገንዘብ የፈሰሰበት ቤት ከቅጠል ጀርባ ይደበቃል።

የምተዳደረው የሰው ግቢ በማሳመር ነው። ከጉለሌ ዳገት እስከ ለቡ ሜዳ ብዙ ግቢ ገብቼ ሠርቻለሁ፤ ከሁሉም የያዝኩት እምነት አንድ ነው። የፊት ግቢን ዕቅድ የሚያወጣው ቤቱ ነው። ቁመቱ፣ የግድግዳው ድንጋይና ቀለም፣ የበሩ አቅጣጫ፣ የጣሪያው ውሃ የሚወርድበት ጥግ፣ ከሁሉም በላይ ቤቱ ውስጥ ያለው ኑሮ ምን የት መሆን እንዳለበት ይናገራሉ። ተክል መምረጥ የመጨረሻው ሥራ ነው።

ድንኳን የት ይተከላል?

ኮተቤ አካባቢ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህርት ግቢያቸውን እንድሠራላቸው ጠሩኝ። ቤታቸው ባለ አንድ ወለል ቪላ ነው፤ ከታች እስከ መስኮቱ ድረስ የአምቦ ድንጋይ ለብሷል፣ ከዚያ በላይ ክሬም ቀለም ተቀብቷል። ከቤቱ ፊት ያለው ቦታ 12 ሜትር በ9 ሜትር ነው። እሳቸው የፈለጉት ግቢው በሙሉ ሣር ለብሶ መሐሉ ላይ ክብ የአበባ መደብ እንዲወጣለት ነበር። ፎቶግራፍ ላይ አይተው ወደውታል።

«እትዬ፣ ድንኳን የት ይተከላል?» አልኳቸው።

ግቢውን ዞር ብለው አዩት። «እውነትሽን ነው ልጄ። የልጄ ሠርግ የተደገሰው እዚህ ነው፤ ለባለቤቴም ለቅሶ የተቀመጥነው እዚሁ ነው» አሉኝ።

ይህን ሳልጠይቅ የማንንም ግቢ አልጀምርም። የእኛ የፊት ግቢ የእድር ድንኳን የሚተከልበት፣ የማኅበር ጠበል ጸዲቅ የሚቀመስበት፣ የበዓል በግ የሚታሰርበት፣ በርበሬ የሚሰጣበት ቦታ ነው። ከውጭ አገር ፎቶግራፍ የተቀዳ ዕቅድ ይህን ኑሮ አያውቀውም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ባዶ ሆኖ የሚቆየው ቦታ ይወሰናል።

በመምህርቷ ግቢ ችካልና ሲባጎ ይዘን ጀመርን። የበረንዳው ደረጃ ወደ ቀኝ ያደላ ስለነበር የመኪናውን መግቢያ በቀኝ አጥር በኩል በ3 ሜትር ስፋት አስያዝን። ከጎኑ ከትንሿ በር ተነስቶ ቀጥ ብሎ ደረጃው ሥር የሚደርስ 1 ሜትር ከ50 ስፋት ያለው መንገድ አወጣን። ይህ ስፋት ሁለት ሰው እየተጨዋወተ ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ አዛውንት ደግፎ ለሚያስገባም ይበቃል። በግራ የቀረው ቦታ መሐሉ 6 ሜትር በ6 ሜትር ክፍት ሜዳ ሆነ፤ በሦስት በኩል፣ በሁለቱ አጥሮችና በቤቱ ሥር፣ 1 ሜትር ከ50 ስፋት ያለው የተክል መደብ ዞረው።

ሲባጎው ከተዘረጋ በኋላ የቤቱ ሰዎች ጥቂት ቀን እንዲኖሩበት እጠይቃለሁ። መኪና ይግባ ይውጣ፣ ልጆች ይሩጡ፣ ልብስ ይሰጣ። ሰው ሁልጊዜ መስመሩን እየዘለለ የሚያቋርጥበት ቦታ ካለ መንገዱ በዚያ በኩል መሄድ ነበረበት ማለት ነው። ሲባጎ ለማዛወር ወጪ የለበትም፤ የተነጠፈ ኮብልስቶን ለማንሳት ግን አለበት።

ፀሐይዋ በየት በኩል ናት?

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ርቃ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ምክንያት የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትሆንም። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል። ክረምቱን ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ለግቢያችን ዋናዋ ፀሐይ የበጋዋ ናት፤ እሷም ከደቡብ ትመጣለች።

ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ቤት ታድሏል። በጋውን ሙሉ ግቢው ፀሐይ ስለሚያገኝ ጽጌረዳ፣ ሬትና የጥብስ ቅጠል ይስማሙታል። ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ቤት ግን ጥላውን በራሱ ግቢ ላይ ይጥላል። 7 ሜትር ከፍታ ያለው ጂ ፕላስ ዋን ቤት በታኅሣሥ ቀትር ላይ ጥላው 4 ሜትር ከግማሽ ገደማ ይደርሳል። እዚያ ጽጌረዳ ተክሎ አበባ መጠበቅ ድካም ነው። ለጥላ ፈርን አለ፤ ሴቶቻችን ሥሯን የሚሞቋት እንሶስላም ጥላና እርጥበት ትወዳለች፣ ነጭ አበባዋም ደብዘዝ ያለውን ጥግ ታበራዋለች። ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነ ቤት ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ይግላል፤ ለእሱ ከበረንዳው ፈንጠር ብላ የምትቆም አንዲት መካከለኛ ዛፍ ከመጋረጃ የበለጠ ታገለግላለች።

ውርጭንም ማሰብ ይገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወርዶ ረባዳ ቦታ ላይ ይተኛል። በረባዳ ሰፈር ሙዝና መሰሎቹ ቅጠላቸው ይቃጠላል። ቀን ፀሐይ ስትመታው የዋለ የድንጋይ ግድግዳ ሙቀቱን ሌሊት ስለሚለቅ፣ ብርድ የማይችል ተክል ካለ ማደሪያው እሱ አጠገብ ይሁን።

ቁመትና ቀለም

ከቤቱ ፊት የሚተከለው ሁሉ በቤቱ ቁመት ይለካል። በመስኮት ሥር የሚሆን ተክል አድጎ ሲጨርስ ከመስኮቱ ደፍ ማለፍ የለበትም፤ ደፉ ከመሬት 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከዚያ በታች የሚቀር ይመረጣል። ሻጩን «አሁን ስንት ነው?» ሳይሆን «ሲያድግ ስንት ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ነው። በቤቱ ጥግ ላይ ከፍ ያለ ተክል ያምራል፤ መጠኑም የጣሪያው ጠርዝ ከመሬት ካለው ከፍታ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ጠርዙ 3 ሜትር ላይ ከሆነ የጥጉ ተክል 2 ሜትር ይሁን። እንዲህ ሲሆን ቤቱ ከሁለት ወገን ይያዝና ዓይን በራሱ ወደ መሐሉ፣ ወደ በሩ ይሄዳል። በር የቤት ፊት ነው፤ እዚያ ጋ ሁለት ትልልቅ የሸክላ ማሰሮ በአበባ ሞልቶ ማቆም ይበቃል።

የመምህርቷ ቤት የአምቦ ድንጋይና ክሬም ቀለም፣ ሁለቱም ሞቅ ያሉ ናቸው። ቢጫና ብርቱካን አበባ ከግድግዳው ጋር ይዋሃድና ይጠፋል። ስለዚህ ከመስኮቱ ሥር ሐምራዊ ሰማያዊ አጋፓንተስ፣ ከፊቱ ደግሞ ግራጫ የሚመስል ቅጠል ያለው የጥብስ ቅጠል በረድፍ ተከልን። ነጭ ግድግዳ የቡጌንቪላን ቀይ ይችለዋል። መስታወትና አሉሚኒየም ለለበሰ አዲስ ቤት ቀጥ ያለ መስመርና ጥቂት ዓይነት ተክል ያምርበታል። የእንጨት ሰገነት ላላቸው ለቀድሞዎቹ የጭቃ ቤቶች ደግሞ የተደባለቀ አበባ፣ ጠመዝማዛ መንገድና ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ ይሰምራል። የቤቱ ዓይነት ምንም ይሁን ምን ግን አንድ ሕግ አለኝ፤ ከአሥር ዓይነት አንድ አንድ ከመትከል ከሦስት ዓይነት ደጋግሞ መትከል ይሻላል። ድግግሞሽ ግቢን ያረጋጋል፣ ቤቱንም ከግቢው ጋር አንድ ያደርጋል።

አፈርና ውሃ

ወደ እንጦጦ በኩል ያለው ሰፈር ብዙው ቀይ አፈር ነው፤ ውሃ ያሳልፋል። ወደ ቦሌና ሲኤምሲ በኩል ጥቁር አፈር ይበዛል። ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። የእነዋሪ ገበሬዎች በዚህ አፈር ላይ መደቡን ከፍ እያደረጉ ትርፉን ውሃ በቦይ ያወጣሉ፤ ለግቢም የሚሠራው ይኸው ብልሃት ነው። የተክል መደቡን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ኮምፖስት መቀላቀል ሥሩን ከመበስበስ ያድናል።

ትልቅ ዛፍ ከቤት ይራቅ። ሥሩ ውሃ በመጠጠ ቁጥር ጥቁሩ አፈር የበለጠ ይኮማተራል፣ መሠረቱም ይናጋል። 10 ሜትር የሚደርስ ዛፍ ቢያንስ 6 ሜትር ከግድግዳ ይራቅ፤ እንደ ኮክና ፕሪም ያለ ትንሽ የፍራፍሬ ዛፍ 3 ሜትር ይበቃዋል። ባሕር ዛፍ ለፊት ግቢ አይሆንም። ከግድግዳው ሥርም 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይተከልበት በጠጠር ይሸፈን፤ በተለይ የጭቃ ቤት ከሆነ በየቀኑ የሚጠጣ አበባ ግድግዳው ሥር መትከል ቤቱን ማፍረስ ነው። መሬቱ ከቤቱ ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ቢሄድ የክረምቱ ጎርፍ ደጃፍ ላይ አይተኛም።

አሁን ደግሞ ስለ ሣር እውነቱን ልናገር። 50 ካሬ ሜትር የለመለመ ሣር በበጋ ቀን እስከ 200 ሊትር ውሃ ይፈልጋል፤ አሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን ለሣር መስጠት ይከብደኛል። ሰርዶ በበጋ ቢጫ ቢሆን እንኳ ዝናብ ሲነካው ያገግማል፤ ለክፍት ሜዳ የምመርጠው እሱን ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን ኮብልስቶን አስነጥፋለሁ፤ በድንጋዮቹ መሐል ያለው ክፍተት ዝናቡን ወደ መሬት ያሰርገዋል።

ከሰማይ የሚወርደውን ደግሞ አንጣለው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 100 ሊትር ነው፤ በዓመት ወደ 120,000 ሊትር ይጠጋል። ከፊሉ ቢባክን እንኳ አሸንዳውን ወደ ሮቶ ማገናኘት ከክረምት በኋላ ያሉትን ሳምንታት ያሻግራል። ሮቶውን ከበሩ ትይዩ ላለማስቀመጥ ቦታው በዕቅዱ ላይ ከመጀመሪያው ይታሰብለት፤ ከፊቱ የሰንሰል አጥር ቢቆም ዓይን አይገባም።

የአገሩን በአገሩ

መደቡ ካለቀ በኋላ ወደ ችግኝ ሻጩ እንሄዳለን። እኔ ከአገር ተክሎች እጀምራለሁ፤ ውርጩንም፣ የበጋውንም ድርቅ ያውቁታል። ወይራ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ መቀስም ይችላል፤ ለትንሽ ግቢ ከዛፎች ሁሉ የምመርጠው እሱን ነው። ጽድና ዝግባ ግን ቁመታቸው ለቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚስማማ ስለሆነ ጠባብ ግቢ ውስጥ አላስገባቸውም። የዱር ጽጌረዳችን ቀጋ በአጥር ላይ ነጭ አበባ ያፈስሳል፣ እሾሁም ይጠብቃል። ከበረንዳው ደረጃ አጠገብ ጤና አዳም፣ ጦስኝ፣ ጠጅ ሣርና ዳማከሴ ይሁኑ፤ ቡና ሲፈላ እጅ ይደርስባቸዋል፣ ልብስ ሲነካቸውም ይሸታሉ። በአጥሩ ሥር አደይ አንድ ጊዜ ዘሯን ከጣለች በየመስከረሙ ራሷ ትመጣለች።

ለመንገዱም አንድ ነገር እንተው። አጥራችን እየረዘመ ስለሄደ ጎረቤት የሚያየው ቆርቆሮና ብሎኬት ብቻ ሆኗል። ከአጥሩ ውጭ ሰው ማለፊያውን ሳይዘጋ ቦታ ካለ ጥቂት ሬት ወይም ቀጋ ቢተከልበት ቤቱ ለሰፈሩም ያምራል።

እንግዲህ ዘንድሮ ሰኔ ሳይገባ ከቤተሰብዎ ጋር ወጥተው ከውጭ በር ላይ ይቁሙና ቤትዎን ይዩት። ድንኳን የሚተከልበትን፣ መኪና የሚዞርበትን፣ ጥላ የሚያርፍበትን ቦታ በችካል ያስምሩ። ቁመት ይለኩ፣ አሸንዳው የት እንደሚያፈስስ ይመልከቱ። ከዚያ የሦስት ተክል ስም ጽፈው ወደ ችግኝ ሻጩ ይሂዱ፤ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይትከሉ። ክረምቱ የማጠጣቱን ሥራ ይሠራልዎታል።